ጎሳዬ የሰረዘው ቪዛ

ጎሳዬ ተስፋሁን አንድ ሥራ ብቻ ያውቅ ነበር፤ ማደስ። ቤት አይደለም፣ መኪና አይደለም፤ ወረቀት። የወፍጮ ቤት ፈቃድ፣ የሥጋ ቤት ፈቃድ፣ የሻይ ቤት ፈቃድ ዓመት ሲሞላው አርጅቶ እፊቱ ይቀርባል፤ እሱም አገላብጦ አይቶ፣ ነገ ብሎ፣ ከነገ ወዲያ ብሎ፣ በመጨረሻ ያድሰዋል። ሰው ይወለዳል፣ ይሞታል። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን በሙሉ ግን፣ በጎሳዬ ፍልስፍና፣ የእድሳት ወቅት ነው።

የተወለደው ጂንካ ነው። አባቱ ከመንዝ በወታደርነት መጥተው፣ የመመለሻ ትእዛዝ ሲጠብቁ አርጅተው እዚሁ ያረፉ ሰው ነበሩ። ልጃቸው በከተማው መካከል በነበረው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ዳር ኳስ ሲያሳድድ አደገ። አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱም ልጁም ይባረራል፤ አውሮፕላኑ ሲሄድ ከብቱም ልጁም ይመለሳል። አንዳቸውንም የመግቢያ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። ምናልባት ጎሳዬ የኋላ ኋላ ለፈቃድ ያደረበት ፍቅር የመጣው ከዚህ ልቅነት ይሆናል። ሰው በልጅነቱ ያልደረሰበትን መከራ፣ ሲያድግ ሌላው ላይ ካላደረሰ ዕድሜው የጎደለበት ይመስለዋል።

ሰማንያ ሦስት ላይ መንግሥት ሲለወጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊ ነበር። አለቆቹ ገሚሶቹ ወደ ኬንያ፣ ገሚሶቹ ወደ ዘመድ ቤት ጠፉ። እሱ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው መጥቶ፣ ጠረጴዛውን ወልውሎ ተቀመጠ። ጠመንጃ ያነገቱ ወጣቶች ገብተው «አንተ ደግሞ ምንድን ነህ?» አሉት።

«አዳሽ ነኝ» አላቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ገባቸው፤ የከተማው ፈቃድ ሁሉ የወደቀውን መንግሥት ማኅተም ተሸክሞ ነበር የሚዞረው። «እንግዲያው ሥራህን ቀጥል» አሉት። መንግሥት የሚገባው በጠመንጃ ነው፤ መግባቱ የሚታወቀው ግን በእድሳት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የአገር ታሪክ ጎሳዬ የሚያስታውሰው በማኅተም ነው። የክልሉ ስም ተለወጠ፤ ማኅተም ተለወጠ። ወረዳው ተከፈለ፤ ማኅተም ተለወጠ። ቆይቶ ክልሉ ራሱ ተከፈለ፣ ዞኑም ተከፈለ፤ ሌላው ሕዝብ ገሚሱ ሲጨፍር ገሚሱ ሲያኮርፍ፣ ጎሳዬ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። ማደስ ማለት ለእሱ አዲስ መስጠት ብቻ አልነበረማ። አሮጌውን መግደልም ነበር። የድሮውን ፈቃድ ተቀብሎ፣ በማስመሪያ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለት ቀይ መስመር አጋድሞ፣ መሀሉ ላይ «ተሰርዟል» ብሎ ይጽፍና ይፈርማል። «አሮጌና አዲስ ወረቀት አንድ ቤት አያድሩም» የሚል ተረት ነበረው። ራሱ የፈጠረው ነው፤ ሲናገረው ግን «አባቶቻችን እንዳሉት» ብሎ ይጀምራል።

ለጥቂት ዓመታት በአርብቶ አደሮቹ ቆላ፣ ዲመካ ተመድቦ ሠርቷል። እዚያ ዶላሞ የሚባል የፍየል ነጋዴ፣ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ቢሮ ተጠራ። ሰውዬው ወረቀቱን ከጎሳዬ እጅ ተቀብሎ፣ ፊትና ጀርባውን አየና መለሰለት።

«እኔ አላረጀሁም» አለው በእርጋታ። «ፍየሎቹም አላረጁም። ይሄ ወረቀት ምን ሠርቶ ደከመ?»

ቢሮው ሳቀ። ጎሳዬ አልሳቀም። «ሕግ ነው» አለ። ከሰው ልጅ ጥያቄዎች ከባድ ከባዱ ሁሉ የሚመለሰው በዚህች ቃል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ ካለ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ ፈላስፋ ነው፣ ለሁለቱም የቢሮ ሰዓት የለም።

ከሚስቱ ከአሰገደች አንዲት ልጅ ወለደ፤ የአብሥራ። ልጅቷ በአባቷ አልወጣችም። ወረቀት ሳይሆን እንሰት ነበር የምትወደው። የልብ ጓደኛዋ ሐና ኤርጎ የአሪ ገበሬ ልጅ ናት፤ ከቤታቸው ጀርባ የእንሰት ጫካ ነበር፤ የአብሥራ ቅዳሜና እሑድ እዚያ ካልዋለች ታኮርፋለች። አንድ ዓመት የሐና አባት እንሰት ቅጠሉ ከመሀሉ ቢጫ እየሆነ፣ እየጠወለገ፣ ረድፍ በረድፍ አለቀ። ሐና አድጋ የግብርና ባለሙያ ሆነች። የአብሥራ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዕፀዋት ተምራ፣ በማዕረግ ወጥታ፣ ያንኑ በሽታ በዶክትሬት እንድታጠና አሜሪካ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ወጪዋን ችሎ ጠራት።

«አሜሪካ እንሰት አለ እንዴ?» አለ አብዱሰላም። አብዱሰላም ከጎሳዬ ቤት ትይዩ ሱቅ ያለው፣ ፈቃዱን ሃያ ምናምን ዓመት ጎሳዬ ዘንድ ሲያሳድስ የኖረ፣ ጎሳዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የኖረበትን እልህ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚወጣበት ጎረቤት ነው።

«ስለሌላቸው ነው የሚያጠኑት» አለው ጎሳዬ። «እኛ እየበላነው መቼ እናጠናዋለን?»

ቪዛው የተመታው በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ክረምት ነበር። የአብሥራ ለመሰናበት ጂንካ ስትመጣ አባቷ መነጽሩን አድርጎ፣ ፓስፖርቱን መስኮት ድረስ ወስዶ መረመረው። የልጁ ፎቶ፣ የማያውቀው ሕንፃ፣ የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ። የባልደረባን ሥራ እንደሚያይ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«በየስንት ጊዜው ነው የሚታደሰው?»

«ሁለት ዓመት ይሠራል፣ አባዬ። ቀኑ እስኪያልፍ ብወጣም ብገባም ያው እሱ ነው፤ ትምህርቴን ካላቋረጥኩ፣ ከአገሩ ወጥቼም ብዙ ወር ካልቆየሁ።»

«ሳይታደስ?»

«ሳይታደስ።»

«እሺ፣ እዚያው እያለሽ ቀኑ ቢያልፍስ?»

«ቢያልፍም ምንም አይሉኝም። ቪዛው እኮ የበር ነው። ከገባሁ በኋላ የሚያኖረኝ ትምህርቴ ነው። አልፎበት ከወጣሁ ግን፣ ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ ሄጄ ማሳደስ አለብኝ።»

«ቅጣትስ?»

«ቅጣት የለውም።»

ጎሳዬ ፓስፖርቱን መለሰላት። ቅጣት የሌለው እድሳት ለእሱ ጨው እንደሌለው ወጥ ነበር። «ሀብታም አገር ነው እንግዲህ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። የሰማውን ግን አላመነም። ሰው በሙያው ላይ የሌላውን አይሰማም፤ ይልቁንም ልጁ ስትነግረው።

በዓመቱ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ የአብሥራ መጣች። አስተማሪዋ ከአሪ ቀበሌዎች የታመመ እንሰት ናሙና ሰብስባ እንድትመለስ ልኳት ነበር። ክረምቱን ወላጆቿ ዘንድ ልታሳልፍ፣ ነሐሴ ሲጋመስ ልትመለስ፣ የሚቀጥለውንም ክረምት ለሁለተኛው ዙር ናሙና እንዲሁ ልትመጣ ዕቅድ ይዛለች። አሰገደች «በየዓመቱ ልትመጣ ነው» ብላ ለሠፈሩ አወራች። መንገደኛዋ ፓስፖርቷ ሊያበቃ ስለነበር አዲስ አበባ ላይ አዲስ አውጥታ ነው ጂንካ የደረሰችው። አሮጌውንም፣ ሽፋኑን ማዕዘኑ ላይ በስተው መልሰውላታል፤ ቪዛው ያለበትን ገጽ ሳይነኩ።

ወደ አሪ ገጠር የምትሄድ ዕለት ሐና በተከራየችው ባጃጅ በር ላይ ደርሳ ታስቸኩላት ነበር። የአብሥራ ሁለቱን ፓስፖርቶች በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ለአባቷ ሰጠችው።

«አባዬ፣ ዝናብ እንዳያገኛቸው ነው። አደራ፣ ሁለቱንም።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም» ብላ ወጣች።

አደራ ከባድ ነገር ነው። ሰነፍ ሰው አደራ ሲቀበል ዕቃውን ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል። ጎሳዬ ሰነፍ አልነበረም። ለአገር ጥፋት ሰነፎች ይበቃሉ የሚባለው ሐሰት ነው፤ ትጉሆች ያስፈልጋሉ።

ፌስታሉን የፈታው ከሰዓት በኋላ ነው። አሰገደች ለቅሶ ሄዳለች፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አዲሱን አየ፤ ደስ አለው። አሮጌውን አየ፤ ሽፋኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በጣቱ ዳሰሰ። ገልጦ ሌላ ምልክት ፈለገ፤ መስመር የለም፣ «ተሰርዟል» የለም፣ ፊርማ የለም። አንዲት ቀዳዳ ብቻ።

«ያዲስ አበባ ሰው ሥራ ጨርሶ አያውቅም» አለ ለራሱ።

ልጁ በግማሽ የሞተ ፓስፖርት ይዛ ባሕር ልትሻገር ነው። የባዕድ አገር ሹም በር ላይ አቁሞ «ሁለት ፓስፖርት ምን ትሠሪበታለሽ?» ቢላትስ? ወንጀል ነው እኮ። ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ፈቃድ ይዞ የተገኘን ነጋዴ ሲያስቀጣ የኖረ ሰው፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ልጁ! ቀይ እስክሪብቶውንና ማስመሪያውን ከመሳቢያ አወጣ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ፣ ገጽ በገጽ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን። ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ጣፍጦት የሠራው ሥራ አልነበረም።

ቪዛው ያለበት ገጽ ላይ እጁ ቆመ። የልጁ ፊት ቀና ብሎ ያየዋል። አንድ አፍታ፣ አምና ስትነግረው የሰማው ነገር ትዝ ሊለው ዳዳ፤ ቀኑ እስኪያልፍ ብወጣም ብገባም፣ ምናምን። ቀኑንም አየው፤ አላለፈም። ግን ይኼ ገጽ የሚኖረው የት ነው? የሞተ ፓስፖርት ውስጥ። ቤቱ ከፈረሰ በሩ ብቻውን ቆሞ ምን ያስገባል? ለአዲሱ ፓስፖርት አዲስ ቪዛ ይሰጧታል፤ ይሄማ ግልጽ ነው፤ ተያይዞ ነው የሚታደሰው። ማስመሪያውን አጋደመ። ፊቷን ላለመንካት ብሎ ግን መስመሩን አገጯ ሥር አሳለፈው። አባትነቱ የታየው እዚህ ላይ ነው።

የአብሥራ ከአሪ በተመለሰች ቀን እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። የእንሰት ናሙናውን ሐና በሣጥን ተሸክማ ከኋላዋ ገባች። አባት ፓስፖርቶቹን ራሱ አመጣላቸው፤ አዲሱን በግራ፣ አሮጌውን በቀኝ።

«አንዱ ግማሽ ሥራ ነበር፤ ጨረስኩልሽ» አላት።

ልጅቱ ገልጣ አየች። ደግሞ ገለጠች። ቪዛው ጋ ስትደርስ ወንበር ሳትፈልግ የናሙናው ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ይኼን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ፊርማዬን አታውቂውም?»

«ቪዛዬ እኮ ነው።»

«አሮጌው ላይ ነዋ። ፓስፖርቱ ተሰርዟል፤ ቪዛውም አብሮ ይሰረዛል።»

«አይሰረዝም። ፓስፖርት ሲያልቅ ቪዛው አያልቅም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ነበር የምገባው፤ በአዲሱ ማንነቴን ያያሉ፣ በአሮጌው ቪዛውን ያያሉ። እስከሚመጣው ክረምት ድረስ ይሠራ ነበር።»

«ሁለት ፓስፖርት ይዘሽ?»

«ሁለት ፓስፖርት ይዤ። ሰው ሁሉ እንደሱ ነው የሚያደርገው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹አደራ ሁለቱንም› አልኩህ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ? ‹አባዬ፣ አደራ፣ እንዳትሰርዘው› የሚል ሰው አለ?»

ሐና ጎንበስ ብላ ገጹን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «ጋሼ ጎሳዬ፣ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነው» አለች። ማንም አልሳቀላትም። ከጓዳ የወጣችው አሰገደች ነገሩ ሲገባት፣ ባሏን ሳይሆን ልጇን ነው የጠየቀችው፦

«አሁን መሄድ አትችዪም ማለት ነው?»

«አዲስ ቪዛ ካልሰጡኝ አልችልም። ትምህርት የሚጀመረው ነሐሴ ሲያልቅ ነው። ካልደረስኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ይኼ የሚነበብ ነው እኮ» አለ ጎሳዬ። «ቀይ ቀለም በአልኮል ይለቃል።»

«እንዳትነካው» አለች የአብሥራ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ፓስፖርቱን ከእጁ ወስዳ ሐና ቦርሳ ውስጥ ከተተችው፤ በገዛ ቤቷ የሚታመን ቦርሳ ያ ብቻ ነበር።

በዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ ለምትይዘው ሴት ጻፈችላት። ሴትየዋ በማግሥቱ መለሰች፤ የተሰመረበት ቪዛ የተበላሸ ቪዛ ነው፣ ይዘሽው አውሮፕላን እንዳትወጪ፣ አዲስ አመልክቺ፣ ትምህርትሽ እንደጸና የሚያሳየውን ወረቀት ፈርሜ እልክልሻለሁ፣ ከቻልሽ አፋጣኝ ቀጠሮ ጠይቂ። እንዲህ ሆኖ፣ ጎሳዬ ዕድሜውን ሙሉ ያለቀውን ሲያድስ ኖሮ፣ በጡረታው ያላለቀውን እንዲታደስ አደረገ። ለሙያ ከዚህ የበለጠ ታማኝነት የለም።

ወሬው ከአሪ ያመጣቸው ባጃጅ ከደጅ ሳይነሣ ነበር ከተማውን የዞረው። ጎሳዬ ስኳር ሊገዛ ሲሻገር አብዱሰላም ባንኮው ላይ ተደግፎ ጠበቀው።

«ጋሽ ጎሳዬ፣ አሜሪካንም ሰረዟት አሉ።»

«ስኳር ስጠኝ።»

«እሰጥዎታለሁ። ብቻ እባክዎ፣ የሚስቴ የጋብቻ ወረቀት አርጅቷልና፣ በዚያው ቢያዩልን።»

«ስኳር አልኩህ፣ አብዱሰላም።»

«ስኳሩም እኮ ከአምና የቀረ ነው፤ ይሰርዙት ይሆን ብዬ ፈራሁ።»

ቀጠሮው ተገኘ፤ ነሐሴ ውስጥ፣ ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው። ጎሳዬ አብሬ ካልሄድኩ አለ። አሰገደች «ምን ልታደርግላት? የቀረ ገጽ አለ?» አለችው፤ ቢሆንም ሄደ። አዲስ አበባ፣ ቀጠሮው ጠዋት፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ክራቫት አስሮ፣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ለባለሥልጣኑ የሚሰጥ ማስረጃ ጽፌልሻለሁ። የሰረዝኩት እኔ መሆኔን፣ በየትኛው ልማድ እንደሰረዝኩ ...»

«አባዬ» አለችው የአብሥራ፣ «ያንተን የእጅ ጽሑፍ ከእንግዲህ ወዲያ ሰው ፊት አላቀርብም።»

ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ከኤምባሲው ፊት ለፊት፣ ከገመዱ ወዲህ፣ ልጆቻቸውን ያስገቡ ወላጆች ቆመዋል። ስልክ በአደራ የሚይዙ፣ ጃንጥላ የሚያከራዩ፣ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ ከአረማመዱ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች መሀላቸው ይዞራሉ። ጎሳዬ ጠጋ ብሎ ወደ በሩ ሊያይ ሲል ጥበቃው «አባት፣ ከገመዱ ወዲያ» አለው።

«ለምን?» አለ ጎሳዬ። ሰው ሲጠይቀው እንጂ እሱ ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ ቃሉ አፉ ውስጥ እንግዳ ሆነበት።

«ሕግ ነው» አለው ጥበቃው፣ ቀና ብሎም ሳያየው።

ጎሳዬ ከገመዱ ወዲያ ሄደ። ፀሐይ ወጣች፣ ደመናም መጣ። አጠገቡ የቆሙ አንዲት እናት ልጃቸው ሁለተኛ ጊዜው እንደሆነ፣ መጀመሪያ እንደከለከሉት ነገሩት። «ማደስ ሲሆን እንኳ ይከለክላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ማደስ የሚሉት የለም፣ ወንድሜ» አሉት፤ «በእነሱ ዘንድ ሁሌም እንደ አዲስ ነው። አምና የሰጡህን ዘንድሮ አንሰጥም ቢሉህ የምትከስበት የለህም።» ጎሳዬ ሲያመላልስም ቢሆን በመጨረሻ ያድስ ነበር፤ ሳያድስ የሚቀር ቢሮ መኖሩን አልጠረጠረም።

የአብሥራ ስትወጣ እጇ ላይ ፓስፖርት አልነበረም። ጎሳዬ ከሩቅ አየ። ዕቃ የተያዘበት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ስንቱን ሰው ወረቀቱን ይዞበት ሸኝቷል።

«ያዙብሽ?»

«ያዙልኝ። ሲይዙት ነው የፈቀዱት ማለት፤ ቪዛውን ለጥፈው ይሰጡኛል።»

«ባለሥልጣኑ ስለ መስመሩ ጠየቀሽ?»

«‹ይኼን ማን አደረገው?› አለኝ። ‹አባቴ› አልኩት። ‹ተናዶብሽ ነው?› አለኝ። ‹አይ፣ ተጠንቅቆልኝ ነው› አልኩት። እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ ሥራህ ምን እንደነበር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሳቁን አቆመ። የሱም ሥራ ያው ነው እኮ።»

ጎሳዬ የቆሙትን ወላጆች ጉባኤ በኩራት አየ። ልጁ ልትሄድ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ጭቅጭቅ ብቻ ሆኖ አለፈ፤ እንዲያውም ከላይ እስከ ታች አዲስ ወረቀት ይዛ ትሄዳለች። ይህ ደስታ ፓስፖርቱ እስኪመለስ ድረስ ቆየ። ሲመለስ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ መረረውም።

«ሦስት ወር ይላል። የሦስት ወር ቪዛ ይዘሽ የአራት ዓመት ትምህርት?»

«ሦስት ወሩ የመግቢያው ነው። በሦስት ወር ውስጥ በሩን ካለፍኩ ትምህርቴ እስኪያልቅ መቀመጥ እችላለሁ።»

«እንግዲያው ምን ችግር አለ?»

«እዚህ ላይ አንድ ይላል፣ አየኸው? አንድ መግቢያ። ያኛው ደጋግሞ ያስገባ ነበር። ለእኛ አገር ሰው ደንቡን የቀየሩት በዚሁ ክረምት ነው፤ ከቅያሬው በፊት የተሰጠው ግን ቀኑ እስኪያልፍ ይሠራ ነበር። ያ ነው የተሰረዘው።» ይህን ስትል ማን እንደሰረዘው አልጨመረችም። «አሁን ከገባሁ፣ ከወጣሁ በኋላ በዚህ አልመለስም። ለአንድ ክረምት ብመጣ እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ቃለ መጠይቅ ነው። ቢከለክሉኝ እዚሁ ቀረሁ፤ የጀመርኩት ሁሉ እዚያ ቀረ።»

«እና?»

«እናማ አልመጣም፣ አባዬ። እስክጨርስ። ናሙናውንም ሐና ትልክልኛለች።»

ጎሳዬ ቪዛውን እንደያዘ ቆየ። መንገድ ላይ ላለ ሰው ቢያሳዩት፣ አዲስ፣ ንጹሕ፣ መስመር ያልነካው ወረቀት ነው፤ ዓይን የሚገባ። ያረጀው፣ የተንከረፈፈው፣ ቀዳዳ የወጣበት ነበር ልጁን በሚመጣውም ክረምት የሚያመጣው።

ጂንካ ተመልሶ እናትን ለመሰናበት ጊዜ አልነበረም። የአብሥራ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሄደች፤ ከእናቷ ጋር በስልክ ተሰነባበቱ፤ አሰገደች እያለቀሰች ስለነበር የተባለው ግማሹ አልተሰማም። ጎሳዬ በአውቶቡስ ተመለሰ። ከኮንሶ ወደ ወይጦ ቁልቁል ሲወርዱ የጎኑ መንገደኛ «ልጅ ሸኝተው ነው?» ቢለው «ሰነድ ላሳድስ ሄጄ ነው» አለው። ውሸት አልነበረም።

አሰገደች ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ቦርሳውን አልተቀበለችውም።

«የዛሬ ዓመት ትመጣለች?»

«አትመጣም።»

«በየክረምቱ ብላኝ ነበር።»

«ያኛው ቪዛ ደጋግሞ የሚያስገባ ነበር። ይኼኛው አንድ ጊዜ ነው። ከወጣች መልሰው ላያስገቧት ይችላሉ፤ ስለዚህ ትምህርቷን ትጨርስ ተባባልን።»

«ተባባላችሁ» አለች አሰገደች። «ስንት ዓመት ነው?»

«አራት። ጥናቱ ካልተቃናላት አምስት።»

አሰገደች ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ሰላሳ ዓመት የእድሳት ሠራተኛ ሚስት ሆና፣ መስኮት ላይ መነዝነዝ እንደማይጠቅም ታውቃለች። ጓዳ ገብታ ትልቁን ላስቲክ ባልዲ ጎትታ አወጣች፤ ልጅቱ ይዛው እንድትሄድ ክረምቱን ሙሉ ገብስ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ ያሸችው ጭኮ ነው። ክዳኑን ከፍታ በሰሐን ቆርሳ ባሏ ፊት አስቀመጠች።

«ለእሷ የሠራሁት ነው። አንተ ብላው።»

ጎሳዬ መንገድ ስላደከመው ሌላ ነገር ያምረው ነበር፤ ትኩስ ወጥ፣ ቢቻል። የሚስቱን ፊት አይቶ ተወው። ከጭኮው ቆንጥሮ ጎረሰ። ማታም ይኸው ቀረበለት። በማግሥቱ ጠዋትም ይኸው፤ ባልዲው ገና አፉ አልጎደለም። ጭኮ ያለ ሻይ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አሰገደች ሻይ አላመጣችለትም፤ እሱም አልጠየቃትም።